ግማሽ ስንኝ

«ይህን ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ ሳነበው ኖሬያለሁ» አሉ መምህር ክንዱ፣ ስለ ግጥሙ የጻፈችውን ወረቀት ለያስሚን እየመለሱ። ድምፃቸው ውስጥ መሰልቸት እንጂ ቁጣ አልነበረም። «ስህተት የለውም። ግን ያንቺ አይደለም። ለነገው ክፍለ ጊዜ እንደገና ጻፊው።»

ያስሚን አልኮረጀችም። ጽፋ፣ ቀድዳ፣ እንደገና ጽፋው ነበር። ታዲያ በየክፍሉ ሲያጠኑት ከኖሩት ግጥም ምን አዲስ ነገር ይወጣል? ጎበዙ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ ለትምህርት ይሄዳል፤ ተምሮ በክብር ይመለሳል። ጭብጡ ተስፋ ነው። አለቀ።

«ምን አደከመሽ?» አለቻት ጓደኛዋ ሀና ከግቢው ሲወጡ። «የእህቴን ጽሑፍ በቴሌግራም ልላክልሽ። ያኔ ሌላ ቲቸር ነበር፤ ማንም አይነቃብሽም።»

ያስሚን ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ገበያው ታጠፈች።

የንፋስ መውጫ ገበያ ቀን ነበር። በአባቷ በአቶ ረጀብ ሱቅ ገዢ ሲዘረጋው የዋለ ጨርቅ ተቆልሎ ጠበቃት። ወንድሟ ሙንዲር ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ማጠፉም፣ መጥረጉም፣ ውኃ መቅዳቱም የእሷ ነው። እጇ እያጠፈ ዓይኗ ይከደናል።

«ሙንዲር ደውሎ ነበር» አለች እናቷ ሰዒዳ። «ፈተናውን አልፏል። ማሻአላህ፣ ልጄ ስንቱን ችሎ!»

ያስሚን ደስ አላት፤ ደግሞም ከፋት። ጨርቁ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች። «በሬዎቹን ለእህቱ ትቶ» የምትለው ግማሽ ስንኝ ላይ ስትደርስ ቆመች። ስንት ጊዜ ዘልላት አልፋለች!

«አባዬ፣ ይህች እህቱ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች?» አሉ አባቷ ሜትራቸውን እየሰቀሉ። «ቤቷ ናታ።»

በማግስቱ ከክፍለ ጊዜው በፊት ያሰበችውን ለመምህር ክንዱ ነገረቻቸው። ልጁ ሲሄድ ሥራው በማን ላይ ወደቀ? ሲመለስ እልል ሲባል እህቱ የት ነበረች?

መምህሩ ግንባራቸውን አሹ። «እህትየዋ ያለቻት ግማሽ ስንኝ ናት። ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«ግማሽ ስንኝ ብቻ መሆኗ፣ ቲቸር።»

«የምናርመው ሁለት ነን» አሉ መምህሩ። «ሌላኛው ከጭብጡ ወጥታለች ብሎ ማርክ ሊቀንስብሽ ይችላል። ተስፋ ብለሽ ከጻፍሽ ግን አትወድቂም። አስቢበት።»

ያስሚን ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ሀና ጠጋ ብላ «የላኩልሽን ገለበጥሽው?» ስትል አንሾካሾከች።

«አልከፈትኩትም።»

«ምነው? ተናደድሽብኝ እንዴ?»

«አይ። ደክሞኝ ነው።»

እውነቷን ነበር። ወገቧን ያማታል፤ ከትምህርት በኋላ ሱቁ ይጠብቃታል። ንጹሕ ወረቀት ሳበችና ከላይ ጻፈች፦ በሬዎቹን የተረከበችው ልጅ ስሟ ማን ነበር?