ታንኩ ባዶ ነበር

አትመኑኝ፤ ግድ የለም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ወሬ ነው" ብዬ አልፈው ነበር። ግን ነገሩ የደረሰው በሰሚ ሰሚ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው...

ጥር 1996 ዓ.ም.፣ ሞላሌ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ!

አወቀ እባላለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ከታናሽ ወንድሜ ከወንድምአገኝ ጋር ነበር። የወንድሜን አርባ ያወጣነው ገና በዋዜማው ነው።

መጀመሪያ አሟሟቱን ልንገራችሁ።

ጋሼ እምሩ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን በጃንሆይ ጊዜ የገዟት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለቻቸው። ደርግን ሙሉ ጭድ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው ያሳለፈችው። ሞተሯ ደህና ነው። የመለኪያ ጌጆቿን ሽቦ ግን አይጥ በልቶት አንዱም አይሠራም። አዲስ ሽቦ እንድንዘረጋላቸው ጠሩን።

"ልጆች፣ በዚች መኪና አካሏ ላይ የሚታሰረው ቀዩ ገመድ ነው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ። እንደ ሌሎቹ አይደለችም" አሉን።

ሳቅኩ። ስንት ፊያትና ስንት አይሱዙ ፈትቼ የገጠምኩትን ሰውዬ ሽማግሌ ሊያስተምረኝ!

ወንድሜ ጠጋ ብሎ፣ "አወቀ... ሰውየው ያውቋታል። እሺ በላቸው" አለኝ።

"አንተ የነዳጅ ታንክህን ያዝ" አልኩት።

እንደለመድኩት ጥቁሩን አካሏ ላይ አሰርኩ። ያልቀየርነው አሮጌ ሽቦ ጋለ። ወንድሜ በተከፈተው ታንክ ላይ አጎንብሶ ነበር... የቤንዚኑ ትነት ፊቱ ላይ ነደደ።

ሦስት ቀን ብቻ ቆየ።

ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ "ባትሪውን ማን አሰረው?" ሲለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቃላችሁ?

"እሱ ነው" አልኩ።

እናታችን ጌታነሽ ደረቷን እየደቃች፣ "ምነው ልጄ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠነቀቅ!" እያለች የሞተ ልጇን ስትወቅስ ሰማሁ። ዝም አልኩ። አርባ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ።

በአርባው ማግስት ጋሼ እምሩ መጡና፣ "ወንድምህ የጀመራትን ጨርስለት" አሉኝ። እምቢ ብል ምን ምክንያት እሰጣለሁ? መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ።

ጭድ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቼ አዲስ ዘረጋሁ። በዚህ ጊዜ ቀዩን አካሏ ላይ አሰርኩ። ገብቼ ቁልፉን ከፈትኩ።

የነዳጅ ጌጅ የሚፈተነው በሁለት ሰው ነው። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ የጌጁን ቀስት ያያል። ሌላው ከኋላ ሆኖ ከታንኩ የወጣውን ተንሳፋፊ በእጁ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ቀስቱም አብሮ ወደ ሙሉ ይወጣል። የያዘው ሰው "በቃ" እስኪባል አይለቅም። ይህ የእኔና የወንድሜ ደንብ ነበር።

ያን ቀን ተንሳፋፊውን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ከኋላ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ታንኩም ባዶ ነው።

ከልማድ የተነሳ አፌ አመለጠኝ።

"ከፍ አድርገው!"

ቀስቱ ተነሳ...

እስከ ሩብ ሄደ። ቆመ። ከዚያ እስከ ላይ ወጣ። ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለ።

እንደዚያ የሚያደርገው ወንድሜ ነበር። ሁልጊዜ። "አየኸኝ?" ማለቱ ነው።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ጭድና ግድግዳ ብቻ...

"ዝቅ..." አልኩ በሹክሹክታ።

ወረደ።

"ከፍ..."

ወጣ። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ።

ዘልዬ ወርጄ ባትሪውን ነቀልኩ። ሁለቱንም ገመድ። ተመልሼ ሳይ ቀስቱ እላይ እንደወጣ ቆሟል።

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ከፍርሃቴ ናፍቆቴ በለጠ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ... እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። "በቃ" ማለት አቃተኝ። ካልኩት ይለቃል፤ ከለቀቀ ይሄድብኛል።

"ወንድሜ... ይቅር በለኝ።"

ቀስቱ ወርዶ ባዶው ላይ ተኛ።

"በእመቤቴ ይዤሃለሁ... ይቅር በለኝ።"

ንቅንቅ የለም።

"ለእማዬ... ያሰርኩት እኔ ነኝ ብዬ ብነግራትስ?"

ቀስ ብሎ ተነሳ። እስከ ጥግ ድረስ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

ጋሼ እምሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ጋሼ... ጥቁሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱማ እሺ በላቸው ብሎኝ ነበር። በሱ ያላከክሁት እኔ ነኝ።"

የበሩን መቃን ያዙ። ከዚያ፣ "ይህን ለእኔ መንገርህ ምን ያደርጋል? እናትህ ጋ ሂድ" አሉኝ።

ግን ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም። የመኪናዋን ኋላ ነው የሚያዩት።

"አወቀ..." አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያንን ማን ይዞልህ ነው?"

ዞር ብዬ አላየሁም። ባይ የምችለው አልመሰለኝም።

"በቃ፣ ወንድሜ" አልኩ። "ደክሞሃል። በቃ።"

ከኋላዬ ተንሳፋፊው ወርዶ ታንኩን ገጭ ሲያደርገው ሰማሁ። ቀስቱ ወደቀ።

ቤታችን ድረስ ሮጥኩ። የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ አንድም ሰው አልቀደመኝም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ነጠላዋ በእንባ ርሷል።

"እማዬ፣ አንድ ነገር..."

"ነገረኝ።"

"ማ... ማን?"

"'አወቀን አትቆጪው' አለኝ" አለች። "አልቆጣውም አልኩት። 'አንተን ያለ ጥፋትህ ወቀስኩህ፣ ይቅር በለኝ' ልለው ስል... ብድግ አለ። ምነው ትንሽ ቢቆይልኝ!"

አልፌያት ገባሁ።

ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። መደቡ ላይ የተነጠፈው አጎዛ መሐሉ ተጨፍልቋል።

እጄን አሳረፍኩበት። ይሞቃል።

የተኛው የበግ ጸጉር ከእጄ ሥር አንድ በአንድ ቀስ እያለ ይነሳ ነበር...