የሸዋዬን ሮቢ ማን ገደለው?

ሸዋዬ ገንዘብሽ ሞቷል የተባለችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ።

ስልኳን አየች። ትናንት የነበረው ሁሉ የለም። በቦታው ዜሮ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ አንድ መስመር ተጽፏል፤ አንድ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ሮቢ ሞቷል ይላል።

ኪሷን የዳበሰ የለም። ስልኩም ከጉያዋ አልወጣም። ሌባ ቢሆን ስልኩን ሳይነካ ገንዘቡን ብቻ እንዴት ያወጣዋል?

ሮቢ በወንዙ ስም የተጠራ፣ በስልክ የሚከፈል የሮቢት ገንዘብ ነው። የመጣው በማስቲካ ጦስ ነው። በ2009 ዓ.ም. ዝርዝር ጠፍቶ፣ ባለሱቁም የሚኒባስ ረዳቱም በመልስ ፈንታ ማስቲካ ሲያስታቅፉ የአገሩ ሰው አገጩ ዝሎ ነበር። ሳሙኤል የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ መላ አመጣ። ሂሳቡን አንድ ሰው ብቻውን አይይዘውም። አምስት ቤት አምስት ኮምፒውተር ተቀመጠ፤ አምስቱም ያንኑ ሂሳብ ይይዛሉ። ሕግ የሚለወጠው ከአምስቱ ሦስቱ እሺ ሲሉ ነው። ሮቢውን በብር እመነዝራለሁ ብሎ ቃል የገባው ደግሞ ባለሆቴሉ ለማ ነው። ሰው ያመነው በዚያ ነው።

ሸዋዬ ለመንገደኛ ማንጎ ትሸጣለች። ሮቢዋን ከዓመት በላይ ሳትነካ ያጠራቀመችው መናኸሪያው ጥግ ላለችው የኮንቴይነር ሱቅ ቀብድ ነበር። እስከ ፋሲካ ካልከፈለች ሱቋ ለሌላ ናት። ፋሲካ ደግሞ ደርሷል።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። አላለቀሰችም። ማልቀስ ጊዜ ያባክናል።

ሳጅን ዓለምፀሐይ አዳመጠቻት። ሳጅኗን ከሙቀቱ የተነሳ ራሷን አሟታል፤ ዓርብ ከካራቆሬ ስትመለስ ከተማው መብራት ጠፍቶበት፣ ብርሃኔ ጁስ ቤት ያገኘችው ጥርስ የሚያሳምም ቀዝቃዛ ማንጎ ባይኖር ወድቃ ነበር።

ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ሳሙኤል ቀሰረ። ሕጉን የጻፈ እሱ፣ ገንዘቡን የበላም እሱ ነው አሉ። ተጠርቶ መጣ።

«ሮቢ የሚገድለውን አዲሱን ሕግ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አለቀ።»

«አላለቀም፣ ሳጅን። ገንዘቡ ተኝቶ እንዳይቀር ብዬ ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። ሰዉ አልፈለገውም፣ ተውኩት፤ ጽሑፉ ግን በአምስቱም ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። መጻፍ እችላለሁ፤ ማስገባት ግን አልችልም። ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ነው።»

«እሺ ያሉት ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«አይታይም። ሰው ሳይፈራ እንዲመርጥ ብዬ ደብቄዋለሁ።»

ደግ ሐሳብ ነው። ለፈሪም ለቀጣፊም ያመቻል።

ሕጉ የገባበት ሰዓት ግን ይታያል። ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው መብራት አልነበረውም፤ የሳሙኤልም ኮምፒውተር ጠፍቶ ነበር።

ሳጅኗ ሳሙኤልን አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ቀሪዎቹን አራት ቤቶች ዞረች። መጀመሪያ ስልክ ጠጋኙ አብዱልፈታህ ጋ ገባች፤ ከሸዋዬ ጋር በበር ቦታ ተጣልቷል ተብሎ ነበር። መጣላቱን አልካደም። ሴትዮዋ በሬን በማንጎ ልጣጭ ሞልታብኛለች አለ። ኮምፒውተሩ ግን ዓርብ መብራት ሲሄድ ጠፍቶ፣ የበራው ማታ ነው። ጎረቤቶቹም ይህንኑ መሰከሩ። ባለፎቶ ቤቱ ገብረሚካኤል የእኔም ጠፍቶ ነበር አለ። ባለጁስ ቤቷ ብርሃኔም እንደዚያው አለች። ጋሼ ለማ ሆቴሌ ጄኔሬተር አለው፣ የእኔ በርቶ ነበር፣ ግን እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ ብሎ ሳቀ።

አንድ በርቷል፣ አራት ጠፍተዋል። ሦስት እሺ ከየት መጣ?

ሳጅኗ መንገዱ መሐል ቆመች። ከዚያ ምላሷ ላይ ያ ማንጎ መጣባት።

መብራት በጠፋበት ቀን፣ በዚያ ቃጠሎ፣ የብርሃኔ ጁስ እንዴት ቀዘቀዘ?

ከጁስ ቤቱ ኋላ ዞረች። በጣራው ላይ ጥቁር ሽቦ ተጋድሟል። ተከተለችው። በፎቶ ቤቱ ጣራ አለፈ፣ እዚያ አንድ ቅርንጫፍ ጥሎ፣ አጥሩን ተሻግሮ ለማ ሆቴል ጓሮ ጄኔሬተሩ ላይ አለቀ።

ተመልሳ ብርሃኔ ፊት ተቀመጠች።

«ዓርብ ያጠጣሽኝ ማንጎ ቀዝቃዛ ነበር፣ እትዬ ብርሃኔ።»

ብርሃኔ ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። ውሃው ግን በከንቱ ይፈስ ጀመር።

«ለማ ፍሪጁን ነቀለብኝ» አለች በመጨረሻ። «የቅዳሜ ገበያዬ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። እሺ በይና እሰካልሻለሁ አለኝ። ገብረሚካኤልንም እንደዚያው። በነጻ መብራት ሲሰጠን ደግ ሰው መስሎን ነበር። የሸዋዬን ገንዘብ እንደሚገድል አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።»

ሳጅኗ ብርሃኔን፣ ሳሙኤልንና ሸዋዬን ይዛ ሆቴሉ ገባች። ለማ ግቢው ውስጥ ምሳ ላይ ነበር። አልተነሳም።

«ጋሼ ለማ፣ ሽቦዎን አየሁት።»

«ሽቦ መዘርጋት ወንጀል ሆነ?»

«ነቅሎ እሺ ማሰኘት ነው ወንጀሉ። ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሮቢውን ሊመነዝር እንደሚመጣ ያውቃሉ። የሚመነዝሩበት ብር የት ሄደ?»

ለማ እንጀራውን ጠቀለለ። ሸዋዬ ግን ጣራውን ቀና ብላ አየች። አዲስ የሚሠራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሲሚንቶው ገና ያልደረቀ።

«የኔ ሱቅ እላይ ወጥቷላ» አለች።

ለማ እጁን ታጠበ። ተረጋግቶ ነበር።

«ክሰሱኝ። ሕጋችሁ ሦስት ይበቃል ይላል፣ ሦስት አለኝ። የሞተ ሮቢ አይነሳም።»

ሸዋዬ ወደ ሳሙኤል ዞረች። አሮጌው ሂሳብ አንተ ቤት አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። አለ፣ አብዱልፈታህም ጋ አለ፣ አዲሱን ሕግ ካልተቀበልነው በእኛ ዘንድ እንደነበረ ነው አላት። ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው አለችው።

«ሰው የሚቀበለው፣ እትዬ ሸዋዬ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ወጥታ መናኸሪያ በሩ ላይ ቆመች። ማንጎ የምሸጠው በአሮጌው ነው፣ የለማን ሮቢ የያዘ አይጠጋኝ ብላ ለሾፌሩም ለረዳቱም ተናገረች። ሽማግሌ አልላከችም፣ ስብሰባ አልጠራችም። ረዳቶቹ እሷን ሰምተው እንቢ አሉ። ባለሱቆቹ ረዳቶቹን አይተው እንቢ አሉ። አብዱልፈታህ የልጣጩን ቂም ትቶ የሰውን ስልክ ሁሉ በነጻ ወደ አሮጌው መለሰ። ሰኞ ዕለት ብርሃኔ ጣራ ወጥታ ሽቦውን በገዛ እጇ ቆረጠች። ገብረሚካኤል መሰላሉን ያዘላት።

ለማ በማስገደድ ተከሰሰ። ፎቁ ላይ ያልተገነባው ብረትና ሲሚንቶ ተሽጦ የሰዉ ሮቢ ተመነዘረ። ሸዋዬ ቀብዷን የከፈለችው በስቅለት ዋዜማ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ለማ በዋስ ወጥቶ አዲሷ ሱቅ ፊት መጣ። ማንጎ መረጠ፣ ስልኩን አወጣ። እሷም አየችለት፤ ሞልቷል፣ የእሱ ኮምፒውተር ብቻ የሚያውቀው ሮቢ ነው።

ስልኩን መለሰችለት። ለማ ከንፈሩን ነክሶ ከኪሱ ብር አወጣ፤ ከማንጎው ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ሸዋዬ ብሩን ተቀብላ ጥቂት አሰበች። ከዚያ መዳፉን ዘርግታ መልሱን አስቀመጠችለት።

አንድ ማስቲካ ነበር።