ዳማን ማን አደረቀው?

ገብረ ማርያም የሞተው የፈረሰኞች በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ገና የቀርከሃውን አጥር ሳትሻገር ነው። ሬሳው በጋጣው ውስጥ፣ ከፈረሱ የኋላ እግሮች ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱ ደምቷል። ማንም ብዙ አላሰበም። መንደሩ በፈረሱ ላይ ፈረደ።

ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከቀላ ቡናማ መልኩ ነው። ሟቹ ደግሞ ከእንጅባራ እስከ ጥሊሊ የታወቀ የፈረስ ወጌሻ ነበር። ያነከሰ፣ ትከሻው የደደረ፣ ጀርባውን ኮርቻ የላጠው ፈረስ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እሱም ቅቤ በመዳፉ አሙቆ፣ በአገውኛ እያነጋገረ፣ ጅማቱን በጣቱ እየፈለገ ያሸዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ፈረስ ረግጦት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው የገዛ ፈረሱ ገደለው ሲባል ግን ሰው አለቀሰ እንጂ አልጠረጠረም። ክፉ ወሬ ለማመን መቼም ሰንፈን አናውቅም።

ኢንስፔክተር ጥሩዬ ከእንጅባራ በባጃጅ መጣች። በልጅነቷ ከአባቷ ፈረስ ወድቃ የግራ ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ ስለዚህ ከባጃጅ መውረድ ለእሷ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ወርዳ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ጠመንጃ ነው። የሟቹ የበኩር ልጅ ምስጋናው ከአንድ ሚሊሺያ ተውሶ ይዞታል። በእንጅባራ ባጃጅ የሚነዳ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለችው።

«ሰው የገደለ ፈረስ አያድርም። አባቴ ሳይቀበር እሱን ነው የምደፋው።»

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሬሳው ከምርመራ ሲመለስ፤ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።»

«እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈረሱ የእኔ ነው። ጠመንጃውን ለባለቤቱ መልስ።»

ሬሳው ለምርመራ ከመወሰዱ በፊት ገልጣ አየችው። ከማጅራቱ በቀር ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የሟቹ እጆች ሰፊ፣ ለስላሳ ነበሩ። ጥሩዬ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የዚህን ሰው እጅ ግን መልሳ ለመሸፈን ጥቂት ዘገየች።

ከዚያ ብቻዋን ወደ ጋጣው ገባች፤ ሊከተላት የደፈረ አልነበረም። ዳማ በአጭር ገመድ ከጋጣው ግንድ ጋር ታስሯል፤ ከፊቱ የድንጋይ ገንዳ አለ። ጀርባው ላይ ጆንያ ለብሷል። ጆንያው መሐሉ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተቆርጦለታል፤ በቀዳዳው ውስጥ ኮርቻ የላጠው ቁስል ቀልቶ ይታያል። ከጆንያው ሥር እጇን ሰደደች። ጸጉሩ ደርቋል፤ ጣቷን ስትቀምሰው ጨው ጨው ይላል። ጥግ ላይ የተጠቀለለ እርጥብ ገለባ ወድቋል። ሰኮናዎቹን አንድ በአንድ አንስታ አየች። ፈረሱ እንደ ለመደ ተማሪ እግሩን ሰጣት። በመጨረሻ የተሰቀለውን ኮርቻ አውርዳ እርካቡን በክንዷ ለካች፣ ገንዳውንም ዞራ ዳሰሰችና ወጣች።

በር ላይ ጎረቤታቸው ካሳው ይጠብቃታል። አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ግዙፍ፣ እግረ ረጅም ገበሬ ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«እንዴት አገኙት?»

«ፈረሱ ሲያሽካካ ሰምቼ መጣሁ። ከዳማ ኋላ ተደፍቷል። በእግሩ ጎትቼ አወጣሁት እንጂ ወደ ፈረሱስ አልቀረብሁም።»

«ጆንያው ያን ጊዜ ነበረበት?»

«ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ብቻ ነዎት የገቡ።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

ካሳው መሬት መሬት አየ። «ተጣልተናል። ባዝራዬ ታነክሳለች፣ ለበዓሉ አትሰለፍም ብሎ በዓሉን ለሚመሩት ሽማግሌዎች ነገረብኝ። ሰደብሁት። ትናንት አሻት፤ ዛሬ እግሯን ደህና አድርጋ ትረግጣለች። ይቅርታ ሳልለው ሞተ።» ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«እስቲ ይንገሩኝ፤ ሲያሽ ያስራቸው ነበር?»

«ገብረ ማርያም? ኧረ በጭራሽ! ‹እጄ ካሳመመው ይሂድ፤ መሄድ ያልቻለ ነው የሚራገጥ› ይል ነበር። ሌላም ሕግ ነበረው። ከፈረስ የወረደ ሰው ላቡን ሳያደርቅለት አይቀመጥም፣ ውሃም አይጠጣም። ‹መጀመሪያ ፈረሱ› ነው ንግግሩ። ይህን ብርድ ያውቁት የለ፤ ላቡ የበረደበት ፈረስ ሳምባው ይያዛል።»

ምስጋናው ሲጠየቅ አልሸሸገም። ትናንት ማታ መጥቶ በዓሉ ላይ ዳማን እኔ ልጋልበው ብሎ ነበር። አባቱ ቁስሉ ሳይድን ኮርቻ አይጫንበትም አለ።

«ተጨቃጨቅን። ‹ፈረስ ማሸት ሳትማር ፈረስ መጋለብ ያምርሃል› አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተማርሁም። ያን ሁሉ ያስተማረው እህቴን ነው። እዚሁ አድሬ ጠዋት የነቃሁት በሰው ጩኸት ነው።»

እህቱ ወርቅአየሁ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከወንድሟ ደረት አያልፍም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አባቷን የምትጦር እሷ ናት። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ምንጭ ወርጄ ነበር። ስመለስ ሰው ተሰብስቧል።»

«አባትሽ ታሞ ያውቃል?»

«ዓይኑ እየደከመ ነበር። ለከርሞ አላይም ይል ነበር።» ኢንስፔክተሯ ልትሄድ ስትነሳ ግን ከኋላ ጠራቻት። «ዳማ ውሃ ጠጣ ወይ?»

ጥሩዬ ዞር ብላ አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ፈረሱ የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱን በጋጣው በር ሰበሰበቻቸው። ለቀብር የመጣው ሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ምስጋናው ጠመንጃውን መልሷል፤ ዓይኑ ግን አሁንም ፈረሱ ላይ ነው።

«ዳማ ሰው አልገደለም» አለች ጥሩዬ። «ሬሳው የተገኘው ከኋላው ነው። ደሙ ያለው ግን ከፊቱ፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ ነው። ሰኮናው ላይ ጠብታ የለም። ገብረ ማርያም የወደቀው ገንዳው ላይ ነው፤ ወደ ኋላ የወሰደው ሌላ ሰው ነው።»

«ወድቆ ራሱ ተንፏቆ ቢሆንስ?» አለ ምስጋናው።

«ገመዱንስ? አባትህ ፈረስ አስሮ አይነካም። ያ ሌላ ሰው ነው ያሰረው፤ ያውም በጣም አሳጥሮ።» ወደ ውስጥ አመለከተች። «ፈረሱ ጎሕ ሲቀድ ተጋልቧል። ጨው ጸጉሩ ላይ አለ፣ ቁስሉም እንደ አዲስ ደምቷል። ከዚያ አንድ ሰው ላቡን በገለባ አደረቀ፣ ጆንያም አለበሰ። እኔን ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። እዚህ ሰው ሞቷል። ገዳይ ቢሆን ይሮጣል፤ ሌባ ቢሆን ፈረሱን ይዞ ይሄዳል። አጠገቡ ሬሳ እያለ ቆሞ ፈረስ የሚያደርቅ ማን ነው?»

እጇን ወደ ጆንያው ዘረጋች።

«የጆንያው ቀዳዳ ልክ ቁስሉ ላይ ውሏል፣ እንዳይጣበቅበት። ይህን የሚያውቅ ከገብረ ማርያም እጅ የተማረ ብቻ ነው።»

ካሳው ደነገጠ። «እኔም እኮ ከእሱ ነው የተማርሁ።»

«አዎ፣ እርስዎንም አስቤ ነበር። ከዚያ ኮርቻውን አየሁ። የእርካቡ ጠፍር ተቋጥሮ አጥሯል፤ ከክንዴ እምብዛም አይበልጥም። በዚያ እርካብ እርስዎ ወይም ምስጋናው ብትቀመጡ ጉልበታችሁ ጆሯችሁ ይደርሳል።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አጭር ሰው ነው የጋለበው። አባቱን የሚወድ፣ ፈረሱንም የሚወድ ሰው።»

«ወርቄ?» አለ ምስጋናው። እህቱን እንጂ ኢንስፔክተሯን አላየም።

ወርቅአየሁ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ለከርሞ አላይም ብሎኛል» አለች። «በዓሉ ላይ በዳማ ስጋልብ አንዴ እንዲያየኝ ፈለግሁ። ኮርቻውን ይችለው እንደሆን ልሞክር ብዬ አባቴ ሳይነሳ ዳማን ወሰድሁት። ስመለስ ገንዳው አጠገብ ቆሟል። ኮርቻውን አውርጄ ስሰቅል ቁስሉን በእጁ ዳሰሰ፣ ደሙን አገኘ። ተቆጣ። ገመዱን ልቀቂ አለኝ፤ እኔ ደግሞ ላስረዳው ብዬ ያዝሁት። ሳበ፤ ለቀቅሁት። ወደ ኋላ ሄደና በማጅራቱ ገንዳው ላይ ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ተቀመጠ። እየተናገረ ነበር! ላነሳው ስል እጄን ገፋው። ‹ፈረሱን፣ ላቡ ሳይበርድበት› አለኝ። ‹መጀመሪያ ፈረሱ።›» ፊቷን ወደ ዳማ አዞረች። «የቤታችን ሕግ ነው። ግራውን አደረቅሁ፣ ቀኙን አደረቅሁ፣ ጆንያውን አለበስሁ። ዞሬ ስመለስ ሞቷል። ወንድሜን ብጠራ ኖሮ… አልጠራሁትም። ፈረስ ሳደርቅ አባቴ ለብቻው ሞተ።»

ካሳው ፊቱን ሸፈነ።

«ለምን ወደ ኋላ ወሰድሽው?» አለች ጥሩዬ፣ በለሆሳስ።

«ፈራሁ። ሰው ፈረሱ ነው እንዲል ብዬ። ገመዱን ያሳጠርሁት ግን አባቴን እንዳይረግጠው ነው። ዳማን እንደሚገድሉት አላሰብሁም። ምስጋናው ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ልናገር አልሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

ጥሩዬ ደብተሯን ዘጋች። በሥራዋ ዘመን እውነት አግኝታ እንደዚህ ያዘነችበት ቀን አልነበረም፤ ማዘኗንም አልደበቀችም። «አባትሽን ትቀብሪያለሽ» አለቻት። «ከዚያ አብረን እንሄዳለን። የነገርሽኝን እንደነገርሽኝ እጽፈዋለሁ።»

ገብረ ማርያም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ሳለ ወርቅአየሁ ወደ ጋጣው አየች።

«የቁስሉ ዙሪያ ማታ ማታ ካልታሸ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ማን ያሽለታል?»

ምስጋናው እጁን ጸጉሩ ውስጥ አስገብቶ ቆመ። «አሳዪኝ» አለ።

ጥሩዬ ባጃጅ ነጂውን ቆይ አለችው።

ወርቅአየሁ በወንድሟ መዳፍ ላይ ቅቤ አኖረችለት። «መጀመሪያ ፍታው። ሲያመው ይሂድ። ቁስሉን አትንካ፤ ዙሪያውን ብቻ፣ ከአንገቱ ጀምረህ። እያነጋገርኸው።»

«ምን ልበለው?»

«ምንም ይሁን። ድምፅህን ይወቀው።»

ምስጋናው ፈታው፣ ነካውም። ዳማ ቆዳውን አንቀጠቀጠ፣ ሁለት እርምጃ ራቀና ጀርባውን ሰጠው። ምስጋናው ጠዋት ሊደፋው ከቆረጠው ፈረስ ፊት ቅቤ የነካ እጁን ዘርግቶ ቀረ።

«አትከተለው» አለች እህቱ ከበሩ ላይ። «ይመለሳል። ጠብቀው።»

ጠበቀው። ዳማ ተመልሶ አንገቱን ከእጁ ሥር ሲያስገባ እህቱን የጫነው ባጃጅ አስፋልቱን ይዞ ነበር።