ሁለት ራውተር በጫማ መደርደሪያ ላይ

«አሁንም እምቢ አለኝ!» አለች የሚጡ እናት፤ መነጽሯን አውልቃ ኪቦርዱ ላይ ጣለችው።

ስክሪኑ ላይ «ምላሽ የለም» የሚለው ጽሑፍ ለአራተኛ ጊዜ ተደረደረ። ከአንዱ ኮምፒውተር የተላከው መልእክት ሌላው ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ሚጡ የቤት ሥራዋን ትታ ቀና አለች።

እናቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት ስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። አሁን የስልክ ማዞሪያውን ሊነቅሉት ነው። የኔትወርክ ፈተናውን ካለፈች ወደ ኮምፒውተር ክፍል ያዛውሯታል፤ ካላለፈች የት እንደሚያደርጓት እንጃ። ለዚህ ነው ከተዘጋ ቢሮ ያገኘቻቸውን ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ ሁለት አሮጌ ራውተሮችና አንድ ባለ ብዙ ቀዳዳ ስዊች ጫማ መደርደሪያው ላይ ደርድራ ሳሎኑን ላቦራቶሪ ያደረገችው። ጫማው ሁሉ አልጋ ሥር ገብቷል። ለፈተናው የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው።

«እስከ ዓርብ እኮ ይሠራ ነበር። ለራውተሮቹና ለስዊቹ የጻፍኩትን ትእዛዝ ሁለት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር አየሁት፤ ስህተት አጣሁበት። ስህተቱ እኔው ነኝ መሰለኝ።»

«ኧረ እማዬ፣ አታካብጂ!»

«እውነቴን ነው። በአርባ አራት ዓመቴ ምን አቅብጦኝ ነው? ነገ ደውዬ ስሜን አሰርዛለሁ።» ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።

ሚጡ እርሳሷን እያኘከች መደርደሪያውን ስታይ ዓይኗ ቢጫው ኬብል ላይ አረፈ፤ ክው አለች። ቅዳሜ እናቷ ገበያ ስትወጣ፣ ፊልም ቶሎ እንዲወርድላት ብላ ያንን ኬብል ከስዊቹ ነቅላ ላፕቶፗን ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታበት ነበር። በሩ ሲከፈት በጥድፊያ መለሰችው። እናቷ ደግሞ ለእያንዳንዱ የስዊቹ ቀዳዳ የየራሱን ሥራ ሰጥታዋለች። ከሦስተኛው የነቀለችውን ለካ አራተኛው ላይ ነው የሰካችው!

የቧንቧው ውሃ ይሰማል። ሚጡ ዘላ ተነሥታ ኬብሉን ያዘች። አንዴ ብታዛውረው አለቀ፤ ማን ያውቅባታል? እናቷም «በምን ተአምር ሠራ?» ትልና ትቀጥላለች። ግን ምን እንደተፈጠረ ካላወቀች፣ ያንን «ስህተቱ እኔው ነኝ» ያለችውን ነገር እስከ ፈተናው አዳራሽ ተሸክማው ነው የምትገባው።

ውሃው ተዘጋ። ሚጡ ኬብሉን ለቀቀችው።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ።» ድምጿ ቀጠነባት። «ስህተቱ ያንቺ አይደለም። ቅዳሜ አንድ ኬብል ነቅዬ ነበር። ስመልሰው ተሳሳትኩ።»

እናቷ ፎጣውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ይቅርታ።»

«የጻፍኩት ግን... ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ሁሉም።»

እናቷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች። «የቅዳሜውን ሒሳብ ቆይተን እናወራርዳለን» አለችና መደርደሪያው ሥር በርከክ አለች።

«እማዬ፣ ይሄ...»

«እጅሽን ሰብስቢ! የቱ እንደሆነ እንዳትነግሪኝ። ፈተናው ላይ አንቺ የለሽም።»

የእናቷ ጣት ከመጀመሪያው ቀዳዳ ተነሥቶ ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ሚጡ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ፣ ዓይኗ እንዳያሳብቅባት ወደ ደብተሯ አቀረቀረች።