ስምንተኛው ጠርሙስ

እንግዳው የሚባለው የመንደሩ ሰው በገዛ አልጋው ላይ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ከእግሩ ሥር የድንጋይ ከሰል አመድ የሞላበት ማንደጃ ነበር። የአይከል ፖሊሶች «ጭሱ ነው የገደለው፤ አደጋ ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉት ሲሉ ሚስቱ ወለላ እሪ አለች። ኢንስፔክተር እቴነሽ ከጎንደር ተጠራች።

እቴነሽ የመጣችው እንዳኮረፈች ነበር። ባለፈው ሳምንት ስትጠብቀው የኖረችውን ሹመት ራሷ ሥራ ያስተማረችው ጎረምሳ ወስዶባታል። «እንኳን ደስ አለህ» ስትለው ምላሷ ሬት ሆኖባት ነበር።

«ልጃችንን ሐኪም ቤት ይዤ ጎንደር ነበርሁ» አለች ወለላ። «ከሰል ማውጫው ከተከፈተ ወዲህ ደረቷን ያፍናታል። ታዲያ እንግዳው ያንን ከሰል በቤቱ ያነዳል? ኩባንያው ለየቤቱ ሲያድል ጆንያውን ቢሯቸው ደጃፍ ላይ ደፍቶላቸው ነው የተመለሰ! ነገ ፍርድ ቤት ኩባንያው ስለመረዘው ወንዝ ሊናገርልን ነበር። አሁን ‹ራሳቸው እያነደዱት ከሰሱን› ብለው ይስቁብናል።»

የኩባንያው ተወካይ አንዳርጋቸው ሸሚዙን እያቃና «እኛ ምን አገባን?» አለ። «እኔ ከዘበኞቹ ጋር ነው ያመሸሁት።»

የሟቹ ጓደኛ ክንዴ ዓይኑ እስኪቀላ አልቅሷል። «ትናንት ማታ ጠላ ይዤለት መጣሁ። ‹በረደኝ› ብሎ ከሰሉን ራሱ አቀጣጠለው» አለ።

«ሸጋ ተናጋሪ ነበር ይላሉ» አለችው እቴነሽ።

«አዎን፣ ይላሉ።» ፈገግ ሲል ከንፈሩ ጠመም አለ። እቴነሽ ያችን ፈገግታ አወቀቻት፤ ባለፈው ሳምንት መስታወት ውስጥ አይታታለች።

ቤቱን ዞረች። የጓሮዋ ትንሽ መስኮት በእርጥብ ጭቃ ተደፍናለች። ጭቃውን በጣቷ ፈልፍላ የሆነ ነገር መዘዘች፤ ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መስኮቷ ከውጭ ነው የተመረገች። አልጋው ላይ የሞተ ሰው ከውጭ አይመርግም። ጭቃ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ወንዙን ኩባንያው አጥሮታል፤ ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሚስት የሌለችበት ቤት እንስራውም ባዶ ነው። ታዲያ ገዳዩ ውሃ ከየት አመጣ?» ቀይ ክር አሳየቻቸው። «ይህ ጭቃው ውስጥ ነበር።»

«የኔ ክር ነው!» አለች ወለላ። «ለፍርድ ቤት ከወንዙ የቀዳናቸውን ስምንት ጠርሙሶች አንገታቸውን ያሰርሁበት ነው። በአያ ክንዴ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉም እሱው ጋ ነው።»

የክንዴ ሳጥን መጥቶ ተከፈተ። ሰባት።

ክንዴ የሳጥኑን ቁልፍ መሬት ላይ ወረወረው። «ከሰሉን ከቤቴ ይዤ የመጣሁ እኔ ነኝ! ወንዙ መጥቆሩንም መጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ላሜን የቀበርሁ እኔ! ሁለት ዓመት ጎንደር አራዳ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትሁ እኔ! የፍርዱ ቀን ሲደርስ ግን ‹እንግዳው ይናገርልን› አላችሁ። እሱ ባይኖር እኔን ትልኩኝ ነበር!»

አንዳርጋቸው በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ከእኛ ራስ ወረደ።»

«ጭቃው የግድያ ማስረጃ ነው» አለችው እቴነሽ። «ላቦራቶሪ ይገባል። የተቦካበት የወንዝ ውሃ ምን ምን እንደያዘ በፖሊስ ማኅተም ይጻፋል።»

አንዳርጋቸው ስልኩን አውጥቶ ወደ አጥሩ ራቅ አለ።

ክንዴ ካቴና ገብቶበት ሲሄድ ሰባቱን ጠርሙሶች ያቀፈችውን ወለላን ዞሮ አያት። «ነገ አንቺ ነሽ የምትናገሪ?»

«እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ» አለች ወለላ። «ስምንተኛው ጠርሙስ የት እንደደረሰም እናገራለሁ።»