የኒካኖር ሽርጥ

ኒካኖር የሞተው በር እየደበደበ ነው። ካሲሚሮ ይህን ያውቃል፤ ሰምቶታልና።

ፖሊስ ሬሳውን ከምግብ ቤቱ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል አውጥቶ «አደጋ ነው» ብሎ ሄደ። ጡረታ የወጡት መርማሪ ዶኛ (ወይዘሮ) ኤውላሊያ ግን አላመኑም። በማግስቱ ሦስቱን የሥራ ባልደረቦቹን ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጧቸው፦ ወጥ ሠሪውን ካሲሚሮን፣ ዕቃ አጣቢዋን ኢትሴልን፣ ኃላፊውን ሂልዳርዶን።

«ምን ሆነ?»

«‹ሚግራ!› የሚል ጩኸት ሰማን» አለ ካሲሚሮ። «ወረቀት የሌለንን የሚይዘው የስደተኛ ፖሊስ መጣ ማለት ነው። እኔና ኢትሴል ምድር ቤት ወረድን፤ ኒካኖር ማቀዝቀዣው ውስጥ ገባ።»

«የጮኸው ማን ነው?»

«ዶኛ፣ ሚግራ ሲባል ማን ዞሮ ያያል?»

«ካሲሚሮን ይመርምሩት» አለ ሂልዳርዶ። «በዋዜማው ከኒካኖር ጋር ቢላዋ ይዘው ሲሰዳደቡ ነበር።»

«የፖዞሌ ሾርባህ ጨው በዛበት አለኛ! ለጨው ሰው አይገደልም።»

«ማቀዝቀዣው ከውስጥ አይከፈትም» አሉ ዶኛ። «ታዲያ ለምን ገባ?»

«እዚያ የሚደበቅ ሽርጡን ውጭ እጀታው ላይ ያንጠለጥላል» አለች ኢትሴል። «ያየ ይከፍትለታል። ስንወጣ ግን እጀታው ባዶ ነበር። አምልጧል ብለን ሄድን።»

«ድምፅ አልሰማችሁም?»

ካሲሚሮ አንገቱን ደፋ። «በር ሲደበደብ ሰምተናል። ሚግራ መስሎን ትንፋሻችንን ያዝን። ቆይቶ ዝም አለ።»

ዶኛ ኤውላሊያ ግድግዳው ላይ «ራሚሮ ሶቶ» ከሚል ጽሑፍ ሥር የተሰቀለውን ሽርጥ አወረዱ። «ይህስ የማን ነው?»

«የኒካኖር» አለች ኢትሴል፤ ፊቷ ተለወጠ። «ግን እዚያ አይሰቅልም። ራሚሮ የተቀጠረበት የውሸት ስም ነው። ‹ላቡ የኔ ነው፤ የሌላ ሰው ስም ሥር አይንጠለጠልም› እያለ ከምድጃው አጠገብ ምስማር ላይ ነበር የሚሰቅለው።»

«ይህን እኛ ወጥ ቤት የምንሠራ ሁላችን እናውቃለን» አለ ካሲሚሮ በቀስታ።

«ሽርጡን ከእጀታው ያነሣው እንግዲህ የመደበቂያውን ሕግ ያውቃል» አሉ ዶኛ። «ሰውየውን ግን የሚያውቀው ወረቀት ላይ ባለው ስም ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምስማሩ ላይ በሰቀላችሁት ነበር። ሂልዳርዶ፣ የውሸቱን ስም የሰጠኸው አንተ ነህ። ‹ሚግራ!› ብለህ የጮህከውም አንተው ነህ፤ በሩ ሲደበደብ ሁሉም ሚግራ መስሎት እንደማይከፍት ታውቃለህ።»

«ለምን ብዬ?»

«ዕቃ ቤት ውስጥ ልትደፍረኝ ስትታገለኝ ኒካኖር አይቶሃል» አለች ኢትሴል። «‹ቢያባርሩኝም ለፖሊስ እናገራለሁ› ብሎህ ነበር።»

ሂልዳርዶ ሳቀ። «እና ማን ሊመሰክር ነው? እናንተ? ማን በሚባል ስም?»

የጓሮው በር ተንኳኳ። የካሲሚሮ እግር ሳያዘው ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ዞረ።

«ፖሊስ ነው፤ እኔ ነኝ የጠራሁት» አሉ ዶኛ። «መሄድ የምትፈልጉ በፊት ለፊቱ በር ውጡ። አልፈርድባችሁም።»

እንደገና ተንኳኳ። በካሲሚሮ ጆሮ ግን የሚያንኳኳው ፖሊሱ አልነበረም። የራሱን ሽርጥ ፈትቶ ሄደና በሩን ከፈተ።

«ስምህ ማነው?» አለው ፖሊሱ።

«ካሲሚሮ ኡይትሮን» አለ። ይህን እውነተኛ ስሙን እዚህ በር ላይ ቆሞ ለባለሥልጣን ተናግሮት አያውቅም። «ኒካኖር በሩን ሲደበድብ ሰምቼው ነበር።»