አሥራ ሦስተኛው ሽፋን

ሽማግሌው ተመራማሪ ጠዋት ከአቧራ በሚጠበቀው የቤተ ሙከራው ንጹሕ ክፍል ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ሽታ የሌለውና ትንፋሽ የሚያሳጣው የአርጎን ጋዝ ተከፍቶ፣ ከውጭ የሚታዘዘው አየር ማውጫ ጠፍቶ ነበር። ልጃቸው በመስታወቱ አይታ ስትጮኽ፣ ሰዎች የታሸገውን የአደጋ መውጫ ሰብረው ገቡ፤ አልደረሱላቸውም።

መርማሪዋ ስትመጣ ፖሊሶች ለቤተ ሙከራው ድንጋይ የሚፈጨውን ሠራተኛ ይዘውታል። ካቴናው ብቻ ቀርቷል።

«በዚህ በር ሲገባ አይቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው አልገባም» አለ ምክትል ተመራማሪው፣ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ።

«እኔ?» አለ በድንጋይ ዱቄት የነጣው ፈጪ። «ሠላሳ ዓመት ከዚህ ደፍ አላለፍኩም! ናሙናውን በመስኮት ነው የማቀብለው። ሲያዩኝ እንደ ወረርሽኝ ይሸሹኛል።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አባትሽ ምን እየሠሩ ነበር?»

«ከዋልታ ተራራ የመጣ አለት ዕድሜ ዳግም እየለካ። ዚርኮን በሚባል የማዕድን ቅንጣት ውስጥ ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ከዚያ እናሰላለን። ምክትሉ ሦስት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ነው ብሎ አውጆ ነበር። አባቴ ትናንት፣ ‹አንድ ቢሊዮን ይጎድላል፤ ነገ እናገራለሁ› አለኝ።»

በሩ ላይ የጫማ አቧራ የሚይዝ፣ ሽፋን በሽፋን የሚላጥ፣ ስንት ሽፋን እንደቀረ ጠርዙ ላይ በቁጥር የሚያሳይ ምንጣፍ ተነጥፏል። መርማሪዋ አጎንብሳ አየችው። ከምክትሉ ጋር ገብታ ሲወጡ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ የረገጡትን ሽፋን ላጠ። መርማሪዋ ለአንዱ ፖሊስ አንሾካሾከችለት፤ ከዚያም ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበች።

«ማታ ምንጣፉ ስንት ላይ ነበር፣ ልጄ?»

«አሥራ ሦስት። ለአባቴ ንጹሑን ትቼለት ወጣሁ።»

«እኔ ስደርስ አሥራ ሁለት ነበር፤ አንድም ዱካ የለበትም። ሟች አሥራ ሦስትን ረግጠው ገቡ፤ አልወጡም። ታዲያ ማን ላጠው? የወጣ ሰው፤ እዚህ የሚወጣ የረገጠውን ይልጣልና። ፈጪው ይህን ሥርዓት አያውቁትም። እርስዎ ግን» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ፣ «አስከሬን አጠገብ እንኳ መላጡን አልተውትም፤ እጅዎ ለምዷል።»

«ልማድ ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ቢሮዎን ያስፈተሽኩት ለዚህ ነው።»

ፖሊሱ የተጨማደደ ሽፋን ዘረጋ፤ ጠርዙ ላይ አሥራ ሦስት ይላል። የሽማግሌው ዱካ ገብቷል። ተረከዙ የተሸረፈ ሌላ ጫማ ደግሞ ገብቶ ወጥቷል። ሁሉም የምክትሉን ተረከዝ አዩ።

«ስሜን ሊያጠፉ ነበር» አለ ምክትሉ።

«ለድንጋይ የሌለውን ዕድሜ ሰጡ፤ ለሰው ግን የቀረውን ነፈጉ» አለች መርማሪዋ።

ካቴናው በእሱ እጅ ተቆለፈ። ፈጪው ቃሬዛውን ሊያግዝ በሩ ላይ ደርሶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«አያውልቁ፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ይርገጡት። አባቴን ያውጡልኝ።»

ረግጦ ገባ። ነጭ ዱካው ምንጣፉ ላይ ቀረ፤ ማንም አልላጠውም።